አንድም ፕሮቲኑ በዝቶ ነው

የአክስቴ ልጅ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ በተመለሰ በአራተኛው ወር ይመስለኛል የደም ምርመራ ወረቀቱን ያየሁት። አክስቴ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ። በእጥፋቱ በኩል ሊቀደድ ደርሷል፤ አንዱ ጥግ ሽሮ ነክቶታል።

«ጨው አንሶታል አሉኝ» አሉ። «እኔ እኮ ጨው ነስቼው አላውቅም።»

ወረቀቱ ላይ ሶዲየም 131 ይላል፤ መሆን የሚገባው ከ135 እስከ 145 ነው። ዝቅ ብሎ ካልሲየም 7.4 ይላል፤ ወሰኑ ከ8.5 እስከ 10.5 ነው። በሁለቱም አጠገብ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አለ። ሐኪሙ ቀስቱን አይቶ ጨው ጨምር ብሎታል፤ የካልሲየም ክኒንም አዟል። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ እንዲህ ያለው ነገር የትም ይሆናል። አክስቴ ግን የታዘዙትን ስለሚያከብሩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሽሮውን ጨው በጨው አድርገውታል። ልጁ እህል ሲቀርብለት ፊቱን ማዞር ጀምሯል። ከስቷል፣ ማታ ማታ ያተኩሰዋል፣ ሆዱ በግራ በኩል ተነፍቷል። ያበጠው ጣፊያው ነበር።

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለ ሰው ይህን መልክ ያውቀዋል፣ ወይም ሊያውቀው ይገባል። የጎጃም ደገኛ መሬቱ ሲጠብበት ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ክረምት ለአረም፣ መስከረም ሲያልቅ ለአጨዳ፣ ወደ መተማ፣ ወደ ሁመራ። እዚያ በአሸዋ ዝንብ ይነከሳል። ብሩን ይዞ ሲመለስ ካላዛርን ሳያውቅ ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊቦ ከምከም ላይ በሽታው በወረርሽኝ መልክ ሲነሣ፣ ቀድሞ በማይታወቅበት ወረዳ ነበር፤ ያመጡትም ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሏል።

ካላዛር በደም ላይ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ሰውነት ጥገኛ ተሕዋሱን ለመከላከል ግሎቡሊን የሚባለውን ፕሮቲን ያለ ልክ ያመርታል፤ አብዛኛው የማይጠቅም፣ ዒላማውን የማያውቅ ነው። የቀድሞ ሐኪሞች ይህን በዓይን የሚያዩበት ዘዴ ነበራቸው። ከታማሚው ሴረም ጥቂት በብልቃጥ ይቀዳና ፎርማሊን ጠብ ይደረግበታል። ካላዛር ከሆነ ብዙ ሳይቆይ ይነጣል፣ ይረጋል፤ ብልቃጡን ቢገለብጡት አይፈስም፣ እንደ ተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ሆኖ ይቀራል። ዛሬ የተሻለ ምርመራ ስላለ ይህ ተትቷል። እኔ ግን ያንን ብልቃጥ ከጭንቅላቴ ማውጣት አልቻልኩም። በሰው ደም ሥር ውስጥ የሚዞር ነገር እንዲህ የሚረጋ ከሆነ፣ እዚያ ውስጥ የተለካ ጨው ምን ማለት ነው?

ልጁ ካላዛር ወደሚታከምበት ሲላክ ደሙ እንደገና ታየ። ጠቅላላ ፕሮቲን 11 ግራም በዴሲሊትር፤ የጤነኛ ሰው 7 ገደማ ነው። አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን 2 ብቻ፤ መሆን የነበረበት 4 አካባቢ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለችው ልጅ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዛ፣ ጨውም ካልሲየምም ምናልባት አላነሰው ይሆናል አለችኝ። ከዚያ ሌላ ሰው ጠራትና ሄደች። የቀረውን ራሴ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

የገባኝ እንዲህ ነው። ከደም ሕዋሳቱ ተለይቶ የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ፣ ማለትም ሴረሙ፣ ጤነኛ ሰው ላይ 93 በመቶው ውሃ ነው። የቀረው 7 በመቶ ፕሮቲንና ስብ ነው፤ ቦታ ይይዛል። ሶዲየም የሚኖረው ውሃው ውስጥ እንጂ ፕሮቲኑ በያዘው ቦታ ውስጥ አይደለም። በየሆስፒታሉ ያሉት ትልልቅ ማሽኖች ታዲያ ከሴረሙ የተወሰነ ልክ ይቀዳሉ፣ በብዙ እጥፍ ያቀጥኑታል፣ የቀጠነውን ለክተው መልሰው ያባዛሉ። የቀዱት ውስጥ ምን ያህሉ ውሃ እንደሆነ አያዩም፤ እንደ ሁልጊዜው ነው ብለው ይቆጥራሉ። ፕሮቲን በዝቶ ውሃውን ገፍቶት ከሆነ የተቀዳው ሶዲየምም በዚያው ልክ ያንሳል። የአክስቴ ልጅ ሴረም ውስጥ ውሃው ወደ 90 በመቶ ወርዶ ነበር። 131 የተባለው ሶዲየም፣ ውሃው እንደ ጤነኛ ሰው ቢሆን ኖሮ 135 ይነበብ ነበር። የደም ጋዝ የሚለካው ትንሽ ማሽን ናሙናውን ሳያቀጥን በቀጥታ ስለሚለካ በዚህ አይታለልም፤ ችግሩ እሱ በየቦታው አለመኖሩ ነው።

አራት ቁጥር ብቻ ነው ልዩነቱ። ትንሽ ነው ብሎ የሚያልፍ ይኖራል፤ እኔም በመጀመሪያ እንዲያው ብያለሁ። ግን ይህ አራት ቁጥር ነው አንድን ቤተሰብ ሦስት ሳምንት ሽሮ ላይ ጨው ሲያስነሰንስ የከረመው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ለማስረዳት በመቶኛ ጀመርኩ። ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ከአክብሮት የመጣ ዝምታ ነበር፣ ከመረዳት አይደለም። የሚካኤል ዝክር ስለነበር ፊታችን ጠላ ተቀድቷል፤ ገና ያልጠራ፣ አሻሮው የሚንሳፈፍበት ጉሽ። ቃል ሲያጥረኝ ዋንጫውን አነሣሁ።

«እትዬ፣ ይኼ ጠላ ሙሉ ዋንጫ ነው?»

«ሙሉ ምን ይሆናል፤ ጉሽ እኮ ነው» አሉ። «ግማሹ አተላ ነው። እስኪጠልል ብትታገሡ ምን ነበር።»

«ጠላው ቀጥኗል?»

«ኧረ ተው! ጌሾውንም ብቅሉንም በልኩ ነው የጣልኩት። ጠላው ያው ነው፤ ዋንጫው ውስጥ ነው ያነሰ።» ከዚያ ቆም ብለው ወደ ልጃቸው አዩ። «ደሙ ጉሽ ሆኖ ነው በለኛ!»

ከዚህ የተሻለ አገላለጽ በየትኛውም መጽሐፍ አላየሁም። ጠላው ያው ነው፤ ዋንጫው ውስጥ ነው ያነሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። ወረቀቱ ዋሽቷል ለማለት ተቻኩዬ ነበር። አልዋሸም። በአንድ ሊትር ሴረም ውስጥ ስንት ሶዲየም አለ ብሎ ለጠየቀ፣ 131 እውነተኛ መልስ ነው። አንጎል ግን ስለ ሴረም ሊትር ደንታ የለውም፤ የሚያብጠውም የሚሟሽሸውም በውሃው ውስጥ ባለው ጨው ልክ ነው። ስለዚህ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የተጠየቁት ግን የተለያየ ጥያቄ ነው። ቁጥር ሁሉ ማካፈያ አለው። የሚካፈለውን እንጽፋለን፣ የሚያካፍለውን ግን የታወቀ ነው ብለን እንተወዋለን። ስንት ነው ስንባል ከምን ውስጥ ብለን አንጠይቅም። ገበያ ላይ ግን እንጠይቃለን፤ ጤፍ ሲሰፈር ቁናው የማን እንደሆነ የማይመለከት ገበሬ አላውቅም።

አያቶቻችን ይህን በጨው ራሱ ያውቁት ነበር። አሞሌ ገንዘብ በነበረ ጊዜ ከአፋር ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ሲጓጓዝ፣ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። እዚሁ የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ሲደርስ፣ ያው አንድ አሞሌ መቀሌ ላይ ከሚገዛው ብዙ አብልጦ ይገዛል። ሲሸረፍና እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። አንድ አሞሌ ስንት ነው ብሎ ቦታውን ሳይናገር የሚጠይቅ ሰው ነጋዴ አይደለም።

ስለ ጎጃም እየጻፍኩ ሰምና ወርቅ ሳልል እንዴት አልፋለሁ ብዬ ተጨንቄ ነበር። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ያሉበት አገር ነው። ግን አይገጥምም። ቅኔ ውስጥ ሰሙን ያበጀው ወርቁን የሚያውቅ ባለቅኔ ነው፤ ደም ግን ማንንም ሊያስገርም ብሎ አይሰውርም። የሚቀርበው የትርጓሜ ቤቱ «አንድም» ነው፤ ያ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ለጎንደር ይሰጣል፤ እውነቱን መቀበል ነው። መተርጉሙ አንድ ቃል ያነብና ይፈታዋል፤ ከዚያ አንድም ይላል፣ ሌላ ይጨምራል። ሶዲየም አንሷል፤ አንድም ውሃ በዝቶ ነው፤ አንድም ጨው በተቅማጥ ወጥቶ ነው፤ አንድም ስኳሩ ከፍ ብሎ ውሃ ስቦ ነው፤ አንድም ፕሮቲኑ በዝቶ ነው። ጥሩ ሐኪም ወረቀት ሲያነብ በልቡ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ አንድምታ ውስጥ ትርጓሜዎቹ ተከባብረው አብረው መኖር መቻላቸው ነው። ደም ሥር ላይ መርፌ የሚገባው ግን በአንዱ ትርጓሜ ነው።

ወደ ካልሲየሙ ልምጣ፤ እሱ የበለጠ ያስገርመኛል። ሶዲየም ፕሮቲኑን የሚጋፋው ስለ ቦታ ብቻ ነው። ካልሲየም ግን ፕሮቲኑ ላይ ይጣበቃል። ደም ውስጥ ካለው ካልሲየም 40 በመቶ ወይም ትንሽ የሚበልጠው አልቡሚን ላይ ተሳፍሮ ይዞራል፤ ጥቂቱ ከሌሎች ጨዎች ጋር ተያይዟል፤ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ነጻ ነው። ልብን የሚያስመታ፣ ጡንቻን የሚያኮማትር፣ ሲጎድል ጣትን የሚያንቀጠቅጥ ነጻው ብቻ ነው። ማሽኑ ግን ሁሉንም ጠቅልሎ ይቆጥራል። እቁብ የገባ ሰው ሀብቱን ሲቆጥር እቁብ ውስጥ ያለውንም ኪሱ ያለውንም ይደምራል፤ ዛሬ ገበያ ላይ ዘይት የሚገዛለት ግን የኪሱ ነው። አልቡሚን ሲወርድ እቁቡ ፈረሰ ማለት ነው፤ ድምሩ ይቀንሳል፣ ኪሱ ግን እንዳለ ነው። ሰውዬው ደኸየ ብለን ብናለቅስለት ግራ ይገባዋል።

ታዲያ የኪሱን ብቻ እንዴት ማወቅ ይቻላል? እ.ኤ.አ. በ1934 ቺካጎ ውስጥ ማክሊንና ሄስቲንግስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያገኙት መንገድ የሚዛን አልነበረም። ከእንቁራሪት ያወጡትን ልብ ሊለኩት የፈለጉት ፈሳሽ ውስጥ አስገቡትና የአመታቱን ብርታት አዩ። ነጻ ካልሲየም በበዛ መጠን ልቡ በብርታት ይመታል፤ ሲያንስ ይደክማል። አልቡሚን ላይ የተሳፈረው ቢኖርም ባይኖርም ለልቡ ያው ነው። ስንት አለ ብለው አልጠየቁም፤ ምን ይሠራል ብለው የእንቁራሪትን ልብ ጠየቁት። ዛሬ ነጻውን ካልሲየም ለይቶ የሚለካ ማሽን አለ፤ እንቁራሪቷ ዐርፋለች። ማሽኑ በሌለበት ደግሞ በሒሳብ እንጠጋጋለን። እ.ኤ.አ. በ1973 እንግሊዝ አገር ፔይን ከባልደረቦቹ ጋር ካቀረበው ሐሳብ ወዲህ በየሐኪሙ ደብተር የሚገኝ ስሌት ነው፦ አልቡሚን ከ4 በታች ለወረደበት ለእያንዳንዱ 1 ግራም፣ ካልሲየሙ ላይ 0.8 ጨምር። ለአክስቴ ልጅ ብንሠራለት አልቡሚኑ በ2 ስለጎደለ 1.6 ይጨመርለታል፤ 7.4 የነበረው 9.0 ይሆናል። በወሰኑ ውስጥ ነው። ክኒኑ በከንቱ ነበር።

ስሌቱን ግን አላመልከውም። የተወሰኑ ሰዎች ደም ላይ ተመሥርቶ የወጣ አማካይ ነው፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛና ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ይስታል። ይህ ስለ ወሰኖቹ ሁሉ የማነሣው ጥያቄ ነው። ከ135 እስከ 145 የሚለው የማን ወሰን ነው? እ.ኤ.አ. በ2017 የጎጃም ዞኖች ጤነኛ ጎልማሶች የደም ኬሚስትሪ ወሰን ተጠንቶ ታትሟል፤ የሌላ አገር ሰው ደም ተለክቶ የወጣ ወሰን ለእኛ ሰው በደፈናው እንዳይሠራበት ማለት ነው። ደስ ያሰኛል። ያም ሆኖ የጤነኞች ወሰን ነው። ማሽኑ ውስጥ የተቀመጠው 93 በመቶ ውሃ ያለው ሰው ጤነኛ ነው፤ ጤነኛ ደግሞ ሆስፒታል አይተኛም። ማሽኑ በትክክል የሚለካለት ሰው ቤቱ ተቀምጧል።

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጠን እንየው፤ ለእኛ አገር የሚብሰው ይህኛው ነውና። ጠቅላላ ፕሮቲኑ ከፍ ካለው ይልቅ ዝቅ ያለው ይበዛል፤ ጉበቱ የተጎዳ፣ ኩላሊቱ ፕሮቲን የሚያፈስስ፣ ልጅ ሆኖ እህል ያነሰው፣ ወይም ብቻ ለረጅም ጊዜ የታመመ። አልቡሚን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ሰውነት ሲታመም ደግሞ ሥራውን ይቀንሳል። የእንዲህ ያለው ሰው ሴረም የጠለለ ጠላ ነው፤ አተላ የለበትም፣ ዋንጫው ውስጥ ፈሳሹ ይበዛል። ፕሮቲኑ 4 ብቻ የሆነ ሰው እውነተኛው ሶዲየም 132 ቢሆን ማሽኑ 135 ብሎ ያነብለታል። ቀስት የለም። ሐኪሙ ያልፈዋል። የአክስቴ ልጅ የሌለ ጉድለት ተገኘበት፤ ይኼኛው ያለ ጉድለቱ ተሰወረ። በዚያው ናሙና ላይ ካልሲየሙ ደግሞ ያለ አግባብ ዝቅ ይላል። አንዱ የፕሮቲን እጥረት አንዱን ጨው ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ያሳያል።

የአሲዱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ባጭሩ ልበለው። ሐኪሞች ከሶዲየም ላይ ክሎራይድና ባይካርቦኔትን ቀንሰው በሚቀረው ክፍተት ደም ውስጥ የተደበቀ አሲድ መኖሩን ይገምታሉ። ከጤነኛው ክፍተት አብዛኛውን የሚሞላው አልቡሚን ነው። አልቡሚን በ1 ግራም ሲወርድ ክፍተቱ በ2.5 ገደማ ይጠብባል። አልቡሚኑ 2 የሆነ ሰው ክፍተቱ 12 ተብሎ ቢጻፍ ደህና ይመስላል፤ ሲታረም ግን 17 ነው፤ አንድ አሲድ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ደግሞ ደም ስትቀዳ ክንድ ላይ የምትታሰረው ጎማ አለች። ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየች ውሃው ከደም ሥሩ እየሾለከ ፕሮቲኑ ይቀራል፤ የፕሮቲኑም አብሮት የተሳፈረው የካልሲየምም ልክ ከፍ ይላል። ተኝቶ የነበረ ሰው ቆሞ ሲቆይም አልቡሚኑ ይወፍራል። ጠዋት አልጋው ላይ የተቀዳለት ሰውና ወረፋ ቆሞ የዋለ ሰው አንድ ሰው ሆኖ ሁለት ቁጥር ይሰጣል። ላቦራቶሪ ያለችው ልጅ «ጡጫህን እየጨበጥክ አትክፈት» ስትለው ሳቅ ብሎ ያየኝ የአክስቴ ልጅ፣ ጡጫውን እየጨበጠ ቢከፍት ፖታሲየሙ ከፍ እንደሚል አያውቅም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር። እሷ ታውቃለች፤ ለማስረዳት ግን ጊዜ የላትም፤ ከኋላችን ሃያ ሰው ቆሟል።

ልጁ 17 ቀን መርፌ ተወጋ። ትኩሳቱ በረደ፤ ጣፊያው ቀስ በቀስ ገባ። ፕሮቲኑ እስኪስተካከል ወራት ወሰደ፤ ግሎቡሊን አንዴ ከተመረተ ቶሎ አይጠፋም። ሽሮ እንደገና መብላት ጀምሯል፤ ጨው ሲበዛበት ግን አሁንም ያኮርፋል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አክስቴ የራሳቸውን ወረቀት ይዘው መጡ። እግራቸው ካበጠ ሰንብቷል። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ። ካልሲየም 7.9፣ አጠገቡ ወደ ታች ቀስት። ወተት ይጠጡ ተብለዋል፤ ሁዳዴ ነው፣ አይጠጡም። አልቡሚን የሚለውን ፈለግሁ። መስመሩ አለ፤ ምንም አልተጻፈበትም።